የውሃ ሮኬት እምቢ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ርችት ሰማይ ላይ ሲበተን አይቶ «እኔስ ብሠራው» ያላለ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ባሩድ ግን ለጀማሪ ስህተት ይቅርታ የለውም፤ ትምህርቱን በጣት ያስከፍላል። እኔ የዞርኩት ወደ ውሃ ሮኬት ነው፦ አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሲሶው ውሃ፣ ቀሪው በብስክሌት ፓምፕ የታጨቀ አየር። አፉ ወደ ታች ሆኖ ማስወንጨፊያው ላይ ይቆማል፤ መያዣው በገመድ ሲለቀቅ አየሩ ውሃውን ወደ ታች ይተፋል፣ ጠርሙሱም ወደ ላይ ይወነጨፋል። ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ያርሳል እንጂ አያቃጥልም። ይህ ማለት ግን ቀልድ ነው ማለት አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ታች እመጣበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሮኬቱ ዝቅ አለ፣ ዞረ፣ ተገለበጠ በተባለ ቁጥር የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፓምፑ ነው፤ «ትንሽ ግፊት እንጨምርለት» ይባላል። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች ግፊት በመጨመር የሚፈታ የለም፤ የሚባባስ ግን አለ። ለተለመደ የለስላሳ ጠርሙስ ከ4 እስከ 5 ባር ይበቃል። መለኪያችሁ በፒ.ኤስ.አይ የሚያነብ ከሆነ ይህ ከ60 እስከ 70 አካባቢ ነው።

እየነፋችሁ መለኪያው አይወጣም፣ ወይም ወጥቶ ይወርዳል

አየር እየሸሸ ነው። የፓምፑ እጀታ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከተመለሰ ጥፋቱ ሮኬቱ ጋ አይደለም፤ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ አልያዘም ማለት ነው። ውሃ ወደ ፓምፑ ገብቶም ሊሆን ይችላል። እጀታው ባለበት ቆሞ ግፊቱ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ግፊቱን ከ1 ባር ሳታሳልፉ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ የሚባለውን ነገር ተዉት።

በአብዛኛው ጥፋተኛው በጠርሙሱ አፍና በማስወንጨፊያው ቧንቧ መካከል ያለው የጎማ ቀለበት ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች። አውጥታችሁ እጠቡት፣ የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። ቫዝሊን የተፈጥሮ ጎማን ስለሚያሳብጥ አልመክርም። ቀለበቱ ደህና ሆኖ ቧንቧው ከላላ ደግሞ ልኩን እዩ፦ የለስላሳ ጠርሙስ አፍ የውስጥ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ ግማሽ ኢንች የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልክክ ይላል። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ ግን ይላላል፤ ፕላስተር ጠምጥሞ ማወፈር ለአንድ ቀን ያገለግላል፣ ከዚያ ወዲያ አያዋጣም።

ገመዱን ስትስቡ አይለቅም

እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ሂሳብ አለ። 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አፍ ወደ 3.8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ5 ባር ግፊት ጠርሙሱ ገና ሳይነሳ መያዣውን በ19 ኪሎ ያህል ክብደት ወደ ላይ ይገፋዋል ማለት ነው። አንገቱን የያዙት የፕላስቲክ ማሰሪያዎች በዚህ ሁሉ ኃይል ተጣብቀው ነው እናንተ በቀጭን ገመድ «ልቀቁ» የምትሏቸው። በ2 ባር ቀልጠፍ ብሎ የለቀቀ መያዣ በ5 ባር የሚቆልፈው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ጠንክሮ መጎተት አይደለም። ገመዱ ከጎን ሲስብ ማሰሪያዎቹን ያቀፈው ቀለበት ይንጋደድና ይነክሳል፤ ስለዚህ ገመዱን ማስወንጨፊያው እግር ላይ በተተከለ ቀለበት ውስጥ አሳልፉት፣ ስትስቡት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የማሰሪያዎቹ ጭንቅላት ተበልቶ ከሆነ ለውጡ፤ ርካሽ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ማስተንፈሻ ይኑራችሁ። ከፓምፑ አጠገብ፣ ማለትም ከሮኬቱ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ በሚገኘው የቱቦ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ አየሩን የሚያስወጣ ትንሽ መክፈቻ ነው። እሱ ከሌለ አልለቅ ያለ ሮኬት ፊት ቆማችሁ ሁለት መጥፎ ምርጫ ብቻ ይቀራችኋል፦ መጠጋት ወይም እስኪመሽ መጠበቅ። እኔ አንድ ቀን ጠብቄያለሁ። በማግስቱ ማስተንፈሻ ገጠምኩ።

ይነሳና ወዲያው ይጠመዘዛል፣ አየር ላይ ይገለባበጣል

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። ሦስተኛ ሮኬቴ ከመሬት እንደተነሳ ልክ እንደ ተመታ ወፍ ተገለባብጦ ሣር ላይ ወደቀ። ክንፎቹ አነሱ ብዬ አተለቅኳቸው። ባሰበት። ለካ ክንፎቹን ከወፍራም እንጨት ስለሠራኋቸው ባተለቅኳቸው ቁጥር ጭራውን ይበልጥ እያከበድኩት ነበር።

ነገሩ ሁለት ነጥቦች ናቸው። አንደኛው የክብደት ማዕከል፣ ሮኬቱ በጣት ላይ ሚዛን የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ሁለተኛው የአየር ግፊት ማዕከል፣ ንፋስ ከጎን ሲገፋው ጠቅላላ ኃይሉ ያረፈበት ያህል የሚቆጠርበት ነጥብ ነው። ክብደቱ ከፊት፣ የአየሩ ከኋላ መሆን አለበት፤ በመካከላቸው ቢያንስ የጠርሙሱን ውፍረት ያህል ርቀት ይኑር። የሁለቱ ቦታ ከተገላበጠ ሮኬቱ ዞሮ በጭራው መብረር ይፈልጋል፣ ማንም አያስቆመውም።

የአየሩን ነጥብ ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ሮኬቱን ካርቶን ላይ አስተኝታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተሉ፣ ቁረጡት፣ ካርቶኑን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛን አስጠብቁት። ግምቱ ከእውነተኛው ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ በእሱ ብትመሩ ወደ ጥንቃቄው በኩል ነው የምትሳሳቱት።

ከዚያ የገመዱ ፈተና። ባዶውን ሮኬት ሚዛን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ በገመድ እሰሩ፣ ገመዱንም ተንሸራቶ እንዳይሄድ በፕላስተር ያዙት። ገላጣ ቦታ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ለቃችሁ ከጭንቅላታችሁ በላይ አዙሩት። አፍንጫውን አስቀድሞ ጸጥ ብሎ ከዞረ ይበራል። በጎኑ ከሄደ ወይም ከተንቀጠቀጠ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ሸክላ ጭቃ ጨምሩና ድገሙት። የእኔ ሦስተኛ ሮኬት ከእንጨት ወደ ቀጭን የፕላስቲክ ሰሌዳ ክንፍ ተቀይሮ፣ አፍንጫው ላይ 40 ግራም ጭቃ ተጨምሮበት እንደ ቀስት ወጣ።

ፈተናውን አልፎ አሁንም አየር ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ ከተሽከረከረ ክንፎቹ ተንጋደዋል። ከኋላ ሆናችሁ በአንድ ዓይን እዩት። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወደ ንፋሱ አቅጣጫ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነው፤ ክንፉ ከሚገባው በላይ ትልቅ ነው። ትንሽ ከርክሙት፣ ወይም ንፋሱ ረገብ እስኪል ታገሱ።

ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ግን ከፍ አይልም

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ፤ በዓይን አይሆንም። ለ1.5 ሊትር ጠርሙስ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። ግማሽ ከሞላችሁት ክብደቱ ጨምሮ ውሃውን የሚገፋው አየር ቦታ አጣ። ጉልበቱ ያለው አየሩ ውስጥ ነው፤ ውሃው የሚወረወር ዕቃ ብቻ ነው። በጣም ካሳነሳችሁት ደግሞ ሮኬቱ «ፉስ» ብሎ የሚወረውረው ያጣል። ውሃው ተተፍቶ የሚያልቀው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ውስጥ ስለሆነ ዓይናችሁ የሚያየው ሁሉ ማለት ይቻላል በራሱ ፍጥነት የሚያደርገው ጉዞ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው የማያምነው ነው፦ ሮኬቱ ከመጠን በላይ ቀሎ ይሆናል። ላባ የቱንም ያህል ብትወረውሩት አይርቅም፤ ጠጠር ግን ይሄዳል። ባዶው ሮኬት 70 ግራም ብቻ ከሆነ 30 ወይም 50 ግራም ጨምራችሁ ሞክሩት። አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ፣ በደብተር እየጻፋችሁ።

ከፍታ ብቻ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ደግሞ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 830 ሜትር ያደረሰው በካርቦን ፋይበር በተሠራ ሮኬት ነው። በለስላሳ ጠርሙስ ያን ለመድረስ ፓምፑን መጨቆን ወደ ቀጣዩ ርዕስ ይወስዳችኋል።

ጠርሙሱ ነጣ፣ ተሰነጠቀ ወይም ፈነዳ

ፕላስቲኩ ተጨማድዶ ነጭ መስመር ያወጣበት ቦታ ደክሟል። ያ ጠርሙስ አበቃለት። ጠፍጣፋ ጎን ያለውን የተጣራ ውሃ ጠርሙስ መጀመሪያም ግፊት እንዲችል አልሠሩትም፤ የሚሆነው ክብና መቀመጫው አምስት እግር ያለው የጋዝ መጠጥ ጠርሙስ ነው። በሙቀት እየቀለጠ የሚለጠፍ ሙጫም መንስኤ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ መለስለስ ስለሚጀምር ሙጫው ያረፈበት ቦታ ይሳሳል። ክንፎቹን በማይሞቅ ማጣበቂያ ያዙ፣ ወይም በፕላስተር።

ጠርሙስን ለመፈተን እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሙሉት፣ የአየር ቦታ አትተዉ፣ ከዚያ ከምትበሩበት ግፊት ከፍ አድርጋችሁ ከርቀት ንፉ። ውሃ ስለማይታመቅ ጉልበት አያከማችም፤ ቢሰነጠቅ የሚሆነው መፍሰስ ነው። ያንኑ ግፊት በአየር ብቻ ብትሞክሩ ግን ቁርጥራጩ ይበራል። መነጽር ሁልጊዜ፣ ስትፈትኑም ስታስወነጭፉም።

ፓራሹቱ ቶሎ ይከፈታል፣ ወይም ጭራሽ አይከፈትም

ቶሎ የሚከፈተው አፍንጫው ከብዶና ላልቶ ሲቀመጥ ነው። ውሃው ባለቀ ቅጽበት አየሩ አካሉን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ከባዱ አፍንጫ ግን በፍጥነቱ ይቀጥላልና ይነቀላል። መፍትሄው ጭቃውን ከአፍንጫው ወደ ጠርሙሱ አናት ማውረድ ነው። ያልተከፈተ ፓራሹት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረጥቧል። አድርቃችሁ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ በየጊዜውም አዲስ እጠፉት፤ ከትናንት ጀምሮ የታጠፈ ፓራሹት ቅርጹን ይይዛል።

ከወደቀው ጠርሙስ ውስጥ ጭስ ይታያል

ይህ ችግር አይደለም። የታመቀው አየር በድንገት ሲሰፋ ስለሚቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ጉም ይሠራል። ጠርሙሱን ጨመቅ አድርጉት፣ በአፉ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። ልጆች ካሉ ከበረራው ይልቅ ይህን ደግማችሁ እንድታሳዩአቸው ነው የሚጠይቋችሁ።