ጎንደር ላይ የብስክሌት ውድድር በሞተር ለማጀብ ለምታስቡ

የብስክሌት ውድድር ሲኖር ትራፊክ ፖሊስ ብቻውን መንገዱን ሁሉ አይሸፍነውም። ከፊት እየቀደሙ በየመጋጠሚያው መኪና የሚያስቆሙ በጎ ፈቃደኛ ባለሞተሮች ያስፈልጋሉ። እኔ ኑሮዬ ሞተር ጥገና ነው፤ እሑድ ውድድር ካለ ደግሞ አጃቢ ነኝ። ክፍያ የለውም። የሰው ሕይወት ያለበት ሥራ ስለሆነ ግን ሞተር መንዳት መቻል ብቻውን አይበቃም።

መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ሄልሜት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ፊሽካ። እነዚህ የሌሉት አይምጣ።

ቀጥሎ ሞተራችሁን እዩ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ከተማችንም ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የደከመ ተወዳዳሪ እዚያ ዳገት ላይ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም። ከኋላው ፍሪሲዮን ግማሽ ይዛችሁ ከተንፏቀቃችሁ ያቃጥለዋል፤ ለጥገና የሚመጡልኝ ብዙዎቹ እንዲህ የተበሉ ናቸው። ቆም በሉ፣ ሰውዬው ይራቅ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቃችሁ ድረሱበት። ቅዳሜ ማታ የፍሪሲዮን ገመዱን፣ የፍሬን ሸራውንና የጎማውን ንፋስ አረጋግጡ። ቤንዚን ሙሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ማራኪ ያለው መጋጠሚያ ደረሳችሁ እንበል። ተወዳዳሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ቦታችሁን ይዛችሁ መኪናውን ታስቆማላችሁ። ካለፉ በኋላ ቦታውን ለተተኪው አጃቢ ትለቁና እነሱን ቀድማችሁ ወደ ሚቀጥለው መጋጠሚያ ትሮጣላችሁ። ከባዱ ይሄ መቅደም ነው። ፊሽካውን አንዴ ረዘም አድርጋችሁ ንፉ፣ በግራ በኩል ብቻ እለፉ፣ በመሃላቸው በፍጹም አትግቡ። ኩርባ ላይ መቅደም የለም። ቁልቁለት ላይም ተዉት፤ ብስክሌት እዚያ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ኩርባ ሲሆን ደግሞ መንገዱን ሙሉ ይጠቀማል። ካለፋችሁ በኋላ ፊታቸው ላይ አትዘግዩ። ሞተሩ ነፋስ ስለሚከልል ከጀርባችሁ የተጠጋው ያለ ድካሙ ያተርፋል፤ ይሄ ለሌሎቹ ግፍ ነው።

ስለ ርቀት አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቤልጅየሙ የጌንት ቬቬልገም የብስክሌት ውድድር ላይ አንትዋን ዴሞቲዬ የተባለ የ25 ዓመት ቤልጅየማዊ ከብስክሌቱ ወድቆ ሳለ የውድድሩ ሞተር ገጨውና ሕይወቱ አለፈ። ያን ያህል ልምድ ባለበት ውድድር ይሄ ከሆነ፣ እኛ እጥፍ መጠንቀቅ አለብን።

መጋጠሚያ ላይ ዋናው ነገር አፋችሁ ነው። ሹፌር የሚናደደው ስለቆመ አይደለም፤ ለምንና እስከ መቼ እንደቆመ ስላላወቀ ነው። ሄልሜቱን ከፈት አድርጋችሁ፣ "ጋሼ፣ ውድድር ነው፤ አምስት ደቂቃ ይታገሱን" በሉ። አሥር የሚፈጅ ከሆነ አሥር በሉ። ለባጃጆቹ ቀደም ብላችሁ በየተራቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው፤ አስቀድሞ የሰማ ባጃጅ እንዲያውም አብሯችሁ መንገድ ያስከብራል። አሻፈረኝ ያለ መኪና ከመጣ በሞተራችሁ ልዝጋው አትበሉ። የማስገደድ ሥልጣኑ የትራፊክ ፖሊስ እንጂ የእኛ አይደለም። ፊሽካ ነፍታችሁ እጃችሁን አንሡና ተወዳዳሪዎቹን አስጠንቅቁ፣ ፊት ላለው የአጃቢዎች መሪም ደውሉ።

እሑድ ጠዋት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። በእነሱ ላይ ፊሽካ አይነፋም። ከሞተር ውረዱ፣ "እማማ፣ ትንሽ ይቆዩኝ፣ እኔው አሻግርዎታለሁ" በሉና የተናገራችሁትን አድርጉ። አህያ የሚነዳ ካለ ሰውዬውን በቃል አናግሩት እንጂ ክላክስ አትንኩ፤ የደነበረ አህያ የሚሮጠው ወደ መሃል መንገድ ነው። ቀብር ከመጣ ለመሪው ደውላችሁ ውድድሩን ቀስ አስብሉ፤ ለቀስተኛ አይታገድም። አምቡላንስማ ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል።

ሰው ከወደቀ ሞተራችሁን አጠገቡ አታቁሙ። ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ፣ የሚመጡት ከሩቅ በሚያዩአችሁ ቦታ ቆማችሁ ምልክት ስጡ። አታንሡት፣ ሄልሜቱንም አታውልቁ፤ ሐኪም እስኪደርስ አይዞህ እያለ የሚያናግረው አንድ ሰው ይኑር።

መንገዱን የምትከፍቱት የመጨረሻዋ የውድድሩ መኪና ካለፈች በኋላ ብቻ ነው። ትልቁ ግሩፕ ሲያልፍ ሰው ሁሉ "አለቀ" ብሎ ሊነቃነቅ ይላል። ከኋላ ግን ብቻውን የቀረ ልጅ ይኖራል፤ እሱም እንደ መጀመሪያው እኩል ክፍት መንገድ ይገባዋል።

ለመግባት የከተማውን ስፖርት ቢሮ ወይም አዘጋጁን ጠይቁ። ከዋዜማው ገለጻ አትቅሩ፤ የትኛው መጋጠሚያ የማን እንደሆነ የሚከፋፈለው እዚያ ነው፣ የመሪውን ስልክም የምትይዙት ያኔ ነው።