ንፁህ ዘር የሆነ የትርዒት ውሻ በኃላፊነት እንዴት ይራባል? የጀርመን ሼፐርድን ይዘን እንየው

ሴት ጀርመን ሼፐርድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፦ «መቼ ነው የምትወልደው? አንድ ቡችላ ለእኔ ያዝልኝ!» ጎረቤት ይጠይቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል። ውሻዋ ቆንጆ ከሆነች ጠያቂው ይበዛል። ውድድር ላይ ቀርባ ሽልማት ካመጣች ደግሞ ወረፋ ይያዛል።

ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ «አትወልድም» ነው። ንፁህ ዘር ውሻ ማራባት ውስጥ ትልቁ ሥራ እምቢ ማለት ይመስለኛል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች መቼ እምቢ፣ መቼ እሺ እንደሚባል ለመለየት የሚረዱ ናቸው። አዲስ አበባ ላላችሁትም፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ ውሻ ትርዒት ላይ ማቅረብ ለጀመራችሁትም ይሆናሉ።

1. ዝርያው ለምን ሥራ እንደተፈጠረ እወቁ

የጀርመን ሼፐርድ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። መሥራቹ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። የሚፈልገው ውሻ ቀኑን ሙሉ በማሳ ዳር እየሮጠ በጎች ሰብል ውስጥ እንዳይገቡ የሚጠብቅ ውሻ ነበር። ስለዚህ ዝርያው መሠረቱ ጉልበት፣ ጤናማ እግርና የተረጋጋ ባሕርይ ነው።

የዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን (ኤፍ.ሲ.አይ) መስፈርት ዛሬም ይህንኑ ያስቀምጣል። ወንዱ ትከሻው ላይ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ከ55 እስከ 60። ክብደት ለወንድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ለሴት ከ22 እስከ 32። «የእኔ ሼፐርድ 55 ኪሎ ነው» ብሎ የሚኮራ ሰው ካገኛችሁ ውሻው ከመስፈርቱ ውጭ ነው። ትልቅ መሆን ጥራት አይደለም፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚጫን ሸክም ነው።

ችግሩ የመጣው ትርዒት ላይ ለዓይን የሚማርክ ነገር መሸለም ሲጀምር ነው። ቁልቁል የሚወርድ ጀርባና ከልክ በላይ የታጠፈ የኋላ እግር ፋሽን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቢሲ ስለ ንፁህ ዘር ውሾች የጤና ችግር ያሳየው ዘጋቢ ፊልም በእንግሊዝ ትልቅ ቁጣ ቀሰቀሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቢቢሲ ክራፍትስ የተባለውን ታላቅ የውሻ ትርዒት ማስተላለፉን ተወ። በ2012 ክራፍትስ ላይ ጀርመን ሼፐርድን ጨምሮ በ15 ዝርያዎች የሚያሸንፉ ውሾች በእንስሳት ሐኪም እንዲመረመሩ ተደረገ። ያም ሆኖ በ2016 እዚያው መድረክ ላይ ከዝርያዋ አንደኛ የወጣች ሼፐርድ አረማመዷ ተመልካቹን አስደነገጠ። ዋንጫ ጤናን አያረጋግጥም።

2. ውሻችሁን በልቅ ገመድ አስኬዷት

ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ትርዒት ላይ ሼፐርድ ስትቆም አንዱ የኋላ እግሯ ወደ ኋላ ተስቦ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጀርባዋ ካለው በላይ ያዘቀዘቀ ይመስላል። ያንን አቋቋም እርሱት። አንድ ሰው ገመዱን ሳይወጥር ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ያስኪዳት፤ እናንተ ከኋላ ሁኑና ስልካችሁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ቅረጹ።

የምትመለከቱት የኋላ እግሯን ቁርጭምጭሚት ነው፤ ያ ወደ ኋላ ሾል ያለው መገጣጠሚያ። በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ጎን ይንቀጠቀጣል? ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች እርስ በርስ ይነካካሉ? ስትሄድ ዳሌዋ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል? ጥፍሯ አስፋልቱን ይፍቃል? ቪዲዮውን አዘግይታችሁ ደጋግማችሁ እዩት። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ማገናኘቱን ትታችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ጀርመኖቹ ለእርባታ የሚመረጥ ሼፐርድን 20 ኪሎ ሜትር ከብስክሌት ጎን ያስሮጡታል፤ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። ከዚያ መዳፉ ይታያል፣ ድካሙ ይታያል። በጣም የምወደው ደንባቸው ይህ ነው፤ በቁንጅና ሊሸፈን አይችልም።

3. ሳትመረምሩ አታገናኙ

ሳይዘለል መሠራት ያለበት ደረጃ ይህ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ዳሌ። የሼፐርድ ዋና ጠላት የዳሌ መገጣጠሚያ አለመግጠም፣ ማለትም ሂፕ ዲስፕላሲያ ነው። ወጣትና ጡንቻማ ውሻ ችግሩን ደብቆ መሮጥ ስለሚችል በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም። የሚያሳየው ራጅ ነው። ውሻዋ በማደንዘዣ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የኋላ እግሮቿ ቀጥ ብለው፣ ትይዩ ሆነው ይዘረጋሉ። ራጁ ላይ የጭን አጥንቱን ራስ ፈልጉ። ክብ ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጉድጓዱ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ወይም የአጥንቱ ራስ ግማሽ ያህሉ ውጭ ከቀረ፣ ጉዳዩ አለቀ። ያቺ ውሻ ትወደዳለች፣ ትታከማለች፣ ትመክናለች፤ አትወልድም።

ደረጃ አሰጣጡ እንደየአገሩ ይለያል። በኤፍ.ሲ.አይ ሥርዓት ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ነው፤ «ኤ» ምርጡ። በእንግሊዝ የሁለቱ ዳሌ ነጥብ ተደምሮ ከ0 እስከ 106 ይሆናል፤ ሲያንስ ይሻላል። በአሜሪካ ኦ.ኤፍ.ኤ የተባለው ተቋም የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ነው። የክርን መገጣጠሚያም ራጅ በዚያው ቀን ይነሳ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዳሌ ችግር በአንድ ጂን ብቻ አይተላለፍም። ጥሩ ዳሌ ያላቸው ሁለት ወላጆች መጥፎ ዳሌ ያለው ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ። ስለዚህ የእሷን ራጅ ብቻ ይዛችሁ አትቸኩሉ። የእህትና የወንድሞቿስ? የእናቷስ? አራት ወንድሞቿ ያነከሱባት ባለ ጥሩ ራጅ ውሻ አደገኛ ምርጫ ናት።

የዘረመል ምርመራ። ዲጄኔራቲቭ ማይሎፓቲ የሚባል የአከርካሪ ነርቭ በሽታ አለ። ውሻው ካረጀ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 ዓመት ወዲህ፣ የኋላ እግሩ ቀስ እያለ ይከዳዋል። ስለዚህ በሽታው ሲወጣ ውሻው ወልዶ ጨርሷል። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ግን በልጅነቱ ያሳያል፤ ናሙናውን በፖስታ ውጭ አገር ላለ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ውጤቱ «ተሸካሚ» ከሆነ፣ ማለትም የታመመው ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ካላት፣ ውሻዋን መጣል አያስፈልግም። ከነፃ ወንድ ጋር ካገናኛችኋት ከልጆቿ አንዱም ሁለት የታመመ ቅጂ አይወርስም። ሁለት ተሸካሚዎችን ማገናኘት ነው የተከለከለው። ተሸካሚዎችን ሁሉ ማስወገድ ደግሞ የዘሩን ስብጥር ያጠባል፤ ይህም ሌላ በሽታ ይጠራል።

ደም አለመርጋት። ሄሞፊሊያ ኤ በዚህ ዝርያ የታወቀ ነው። በሽታው ካለበት ወንድ የሚወለዱ ሴቶች በሙሉ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ ወንድ ልጆቹ ግን ከእሱ አይወርሱትም። በሽታው በሴቶቹ ተደብቆ ቀጥሎ በልጅ ልጆቹ ላይ ይወጣል። ወንዱን ሳታስመረምሩ አትቀበሉ።

ባሕርይ። ፈሪ ውሻ አታራቡ። አንዳንድ ሰው ሰንሰለቱን እየጎተተ የሚጮህ ውሻ ሲያይ «ኃይለኛ ነው፣ ዘሩ ይቀመጥ» ይላል። ብዙ ጊዜ ያ ውሻ የፈራ ውሻ ነው። ፍርሃት ይወረሳል፤ የፈራ ሼፐርድ ደግሞ ልጅ ይነክሳል። ጤናማ ሼፐርድ እንግዳ ሲመጣ ያያል፣ ይመዝናል፣ ባለቤቱ ሲረጋጋ ይረጋጋል።

4. ወንዱን በዋንጫ አትምረጡ

ጥሩ ወንድ የእሷን ጉድለት የሚሞላ ነው። እሷ ጀርባዋ ካዘቀዘቀ ቀጥ ያለ ጀርባ ያለው ፈልጉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ካላቸው ሌላ ፈልጉ፤ የፈለገውን ያህል ሜዳሊያ ይኑረው።

ከዚያ የዘር ሐረጋቸውን ቢያንስ አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ተመልከቱ። እህትና ወንድም ከተገናኙ የልጆቹ የዝምድና መጠን (ከሁለቱም ወላጆች ያንኑ አንድ ጂን የመውረስ ዕድል) 25 በመቶ ነው። አባትና ልጅም 25። በአባት ብቻ የሚገናኙ እህትና ወንድም 12.5፤ የአክስትና የአጎት ልጆች 6.25። አራቢዎች «ዘር ማጥበቅ» እያሉ ቢያቆነጁትም ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ቡችላ ያንሳል፣ የሚሞተው ይበዛል፣ የተደበቀ በሽታ ይወጣል። ንፁህ ዘር ውሾችን የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ከ2009 ጀምሮ ከወላጅና ልጅ ወይም ከእህትና ወንድም የተወለዱ ቡችሎችን አይመዘግብም። እኔ ከ6.25 በላይ ባትሄዱ እላለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ወረቀት የሌላቸው ሼፐርዶች ብዙ ናቸው። አባቱ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ወንድ ምናልባት የእናንተዋ ወንድም ይሆናል። ካላወቃችሁ አታገናኙ።

ሁሉም ሰው የሚሮጥለት ዝነኛ ወንድ ውሻም ያሳስበኛል። አንድ ወንድ ብዙ መቶ ልጆች ሲኖሩት የደበቀው በሽታ የዝርያው ሁሉ ይሆናል። ከእሱ ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ያረጀ፣ ብዙም ያልተጠቀሙበትን አጎቱን ብትጠይቁ ይሻላል።

5. ዕድሜና የወሊድ ቁጥር

በጀርመን ማኅበር ደንብ ሴቷ 20 ወር፣ ወንዱ 24 ወር ሳይሞላቸው አይገናኙም። በእንግሊዝ ኬኔል ክለብ አንዲት ሴት ከአራት ጊዜ በላይ የወለደቻቸውን አይመዘግብም። በዕድሜዋ ሙሉ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃታል። ከማገናኘታችሁ በፊት ሁለቱንም ብሩሴላ ለተባለው የባክቴሪያ በሽታ አስመርምሩ፤ በሽታው ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

6. እርግዝናና ምጥ

እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። ከ55ኛው ቀን በኋላ ራጅ ብታስነሱ የቡችሎቹን ቁጥር ታውቃላችሁ፤ ምጡ ማለቁን ለማወቅ ይህ ይጠቅማል። በመጨረሻው ሳምንት ሙቀቷን በቀን ሁለቴ ለኩ። ከ37.2 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች።

የሐኪም ስልክ በእጃችሁ ይሁን። ግማሽ ሰዓት በኃይል አምጣ ቡችላ ካልወጣ፣ በሁለት ቡችሎች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት አረንጓዴ ፈሳሽ ካያችሁ ወዲያው ደውሉ።

7. የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት

ቡችሎች በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀታቸውን መቆጣጠር አይችሉም። ማረፊያቸው ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን። በየቀኑ መዝኗቸው፤ በአሥር ቀን ገደማ የተወለዱበትን ክብደት እጥፍ ማድረግ አለባቸው። አንድ ቀን ክብደቱ ያልጨመረ ቡችላን በዓይን ተከታተሉ። በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት የትል መድኃኒት ይሰጣል። ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት ገዳይ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲወስድ ለወሳጁ በጽሑፍ ንገሩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቡችሎቹ ዓለምን ይማራሉ። ሳሎን ይግቡ፤ የድስት ክዳን ሲወድቅ ይስሙ፤ ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ባለ ጃንጥላ፣ ነጠላ የለበሰች እናት ይዩ። ጓሮ ተዘግቶበት ያደገ ቡችላ በኋላ የሚያየው ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ።

8. ለማን እንደምትሰጡ ምረጡ

ገዢ ሲመጣ እናትየዋን አሳዩት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 በደላላ ቡችላ መሸጥን የከለከለችው ገዢው ቡችላው ያደገበትን ቦታ እንዲያይ ነው። እናንተም ጠይቁ። ውሻው የት ያድራል? ቀን ማን አለ? ሰንሰለት ላይ ይውላል? «ለጥበቃ ብቻ ነው፣ ታስሮ ይውላል» ካሉ ቡችላውን አትስጡ። ዋጋው ጥሩ ቢሆንም።

በጽሑፍ ውል ያዙ። በውሉ ውስጥ የወላጆቹ የራጅና የዘረመል ውጤት ይያያዝ። ለትርዒት ወይም ለእርባታ የማይሆን ቡችላ እንዳይራባ ይጻፍ፤ አሜሪካ ውስጥ ኤ.ኬ.ሲ የተባለው የውሻ መዝጋቢ ክለብ ልጆቹ የማይመዘገቡበት የተወሰነ ምዝገባ አለው። በጣም አስፈላጊው አንቀጽ ይህ ነው፦ ባለቤቱ ማቆየት ካልቻለ፣ ውሻው ስንት ዓመት ቢሆነው፣ ወደ አራቢው ይመለሳል። አንድ ቀን የሰባት ዓመት ውሻ ደጃችሁ ሊመጣ ይችላል። ቦታ ከሌላችሁ አታስወልዱ።

9. ውጤቱን ተከታተሉ፣ አትደብቁ

ቡችሎቹ ዓመት ሲሞላቸው ለባለቤቶቹ ደውሉና የዳሌ ራጅ እንዲያስነሱ ጠይቁ፤ ከተቻላችሁ ወጪውን ተካፈሉ። ውጤቶቹን በአንድ ደብተር አስፍሩ፤ የወንዱ ባለቤትም ቅጂ ይድረሰው። ከስምንት ቡችሎች ሦስቱ መጥፎ ዳሌ ካላቸው እነዚያ ሁለት ወላጆች ዳግም አይገናኙም፤ እናቷ ስንት ሜዳሊያ ቢኖራትም። ያንን ወንድ ለመጠቀም የሚጠይቃችሁ ሌላ አራቢ ሲመጣም ደብተሩን ክፈቱና ሦስቱን ጭምር አሳዩት።