የተቀደሱ ቅርሶችን ከነሕያው ሥርዓታቸው እንዴት እንጠብቅ?

አንድን ጥንታዊ የአምልኮ ስፍራ ለመጠገን የሚሰባሰቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚመለከቱት ግድግዳውን ነው፤ የተሰነጠቀውን፣ የረገፈውንና ያዘመመውን ይቆጥሩና ገንዘብ ወደ ማፈላለግ ይሄዳሉ። እኔ ግን ሥራው ከሰዎቹ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። በየማለዳው በሩን የሚከፍተው ማን ነው? በዓሉ ሲደርስ ከዕቃ ቤቱ ምን ይወጣል፣ በየት በኩልስ ይዞራል? ጣሪያው ሲያፈስ ወጥቶ የሚደፍነው ማን ነበር፣ ሙያውንስ ከማን ተማረ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የሚጀመር ጥገና ሕንፃውን አቁሞ አገልግሎቱን ሊያስታጉል ይችላል።

በጃፓን የሚገኘውን የኢሴ መቅደስ ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዋና ዋናዎቹ ሕንፃዎች በየ20 ዓመቱ፣ አጠገባቸው በተተወው ባዶ ቦታ ላይ፣ እንደ አዲስ ይሠራሉ፤ 62ኛው ግንባታ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንጨቱ አዲስ ቢሆንም ጥበቡ ጥንታዊ ነው፤ በአንዱ ዙር ረዳት የነበረ ወጣት አናጢ በቀጣዩ ዙር ሌሎችን ለመምራት ይደርሳልና። እ.ኤ.አ. በ1994 በዚያው አገር፣ በናራ ከተማ፣ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድም የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱ፣ በወጉ፣ በአሠራር ጥበቡና በመንፈሱ ጭምር እንዲመዘን በር ከፍቷል።

ስለዚህ ከጥገናው በፊት መዝገብ ይዘጋጅ። እያንዳንዱን ግድግዳ ከአንድ ቦታ፣ መለኪያ ዘንግ አጠገቡ አቁመው፣ ቀኑን ጽፈው ፎቶ ያንሡ፤ በዓመቱ ከዚያው ቦታ ይድገሙት። የአረጋውያኑን ዜማ፣ ጸሎትና ትረካ በድምፅ ሲቀርጹ አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ማን ሊሰማው እንደሚችልም አብረው ይወስኑ። ለውጭ ሰው የማይገለጥ ሥርዓት ካለ መኖሩንና ጠባቂው ማን እንደሆነ ብቻ መዝግቦ ማለፍ ይበቃል። ምስጢሩን ማክበርም የጥበቃው አካል ነው።

ሕንፃውን ለመመርመር የሚሻለው ጊዜ ዝናብ የሚዘንብበት ሰዓት ነው። አሸንዳው የት እንደሚያፈስ፣ ውኃው ከመሠረቱ ሥር የት እንደሚተኛ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና ዣንጥላ ይዘው ይዙሩ። በጣሪያው ላይ የበቀለ ችግኝ ሥሩ ሳይሰድ ይነቀል። ስንጥቅ ሲያገኙ ለመድፈን አይቸኩሉ፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሻገር ስስ የጀሶ ምልክት ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት። ከወራት በኋላ ጀሶው ከተሰበረ ግንቡ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነውና ጉዳዩ የመሐንዲስ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሲሚንቶ ነገር ነው። በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ ግንብ የገባበትን እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ግን እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ አብሮት የመጣው ጨው ከድንጋዩ ገጽ ሥር ሲረጋ ደግሞ ድንጋዩን ቅርፊት በቅርፊት ያራግፈዋል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶው መስመር ምንም ሳይነካ ወደ ውጭ ቀርቶ፣ ድንጋዩ ግን ወደ ውስጥ ተበልቶ፣ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ተከምሮ ይታያል። ልስኑን በጣትዎ አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግንቡ ተላቋል። ሥራው የተሠራው በቀና ልብ መሆኑ ጉዳቱን አያስቀረውም። በግሪክ፣ በአቴንስ ኮረብታ ላይ በሚገኙት የአክሮፖሊስ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች፣ የጥንት ግንበኞች ድንጋዮቹን የሚያጣብቁትን የብረት ማያያዣዎች እርሳስ በተባለው ማዕድን ሸፍነው ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተካሄደው ጥገና ግን እርቃኑን ብረት ስለተጠቀመ፣ ብረቱ ዝጎና አብጦ እብነ በረዱን ሰነጠቀው፤ በኋላም ማያያዣዎቹን ታይታኒየም በተባለ በማይዝግ ብረት መተካት ግድ ሆነ። እንግዲህ አዲሱ ነገር ከነባሩ ጋር የሚስማማ፣ ቢያስፈልግም ነባሩን ሳይጎዳ ሊነሣ የሚችል ይሁን።

ጥቂት በጥቂት፣ ሳያቋርጡ መጠገን ከአንድ ጊዜ ትልቅ እድሳት ይሻላል። በማሊ፣ በጄኔ ከተማ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገና የተሠራው የጭቃ መስጊድ እስካሁን የቆመው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ በበዓል መልክ ወጥቶ ስለሚለስነው ነው፤ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉት እንጨቶችም ለለሳኞቹ መወጣጫ ያገለግላሉ። ጥገናው ራሱ ወግ ሆኗል። እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት ስፍራ ሥራውን ለውጭ ተቋራጭ አሳልፎ መስጠት ሕዝቡን ከገዛ ቤቱ ማራቅ ነው።

የሻማና የዕጣን ጭስ ሥዕሎችን ያጠቁራል፤ ቢሆንም አምልኮውን ለመከልከል የሚቸኩል ባለሙያ ስፍራው ለምን እንደተሠራ ዘንግቷል። ሻማው ከሥዕሉ ፈቀቅ እንዲል፣ መስኮት እንዲከፈት ከአገልጋዮቹ ጋር መመካከር ይሻላል። ጎብኚን መገደብ ግን ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በአውስትራሊያ፣ ለነባሩ የአናንጉ ሕዝብ ቅዱስ የሆነውን የኡሉሩ ዓለት መውጣት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 26 ቀን 2019 ጀምሮ የተከለከለው ባለቤቶቹ ለዓመታት ሲጠይቁት ከቆዩ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ለእሳት ይዘጋጁ። የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 በእድሳት ላይ ሳለ ሲቃጠል፣ የእሾህ አክሊሉና ሌሎች ንዋያተ ቅድሳት የዳኑት ሰዎች ተሰልፈው እጅ ለእጅ በመቀባበል ስላወጧቸው ነው። በቅድሚያ የሚወጡት ዕቃዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የት እንዳሉና የመቆለፊያው ቁልፍ በማን እጅ እንደሚገኝ ጽፈው ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይስጡ። ከአገልጋዮች በቀር ሌላ ሰው እንዲነካው የማይፈቀድ ዕቃ ካለ፣ በጭንቅ ሰዓት ማን እንዲያነሣው እንደሚፈቀድ የሃይማኖቱ አባቶች ከወዲሁ ይወስኑ፤ ያ ሰውም በእሳት አደጋ ልምምድ ዕለት ከሠራተኞቹ ጋር ተገኝቶ መውጫውን በእግሩ ይሂድበት።