ከጡጦ ወደ ኩባያ፦ እኔም የሠራኋቸው ስህተቶች

የመጀመሪያ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወር እስኪሞላው ጡጦውን አቅፎ ነበር የሚተኛው። ሌሊት ሁለቴ ይነሳል፣ ሁለቴም ወተት ይጠጣል። «ይጠጣ እንጂ፣ የሚያድግ ልጅ ነው» እያልን እንስቅ ነበር። ሳቃችን የቆመው የጥርስ ሐኪም ጋ ስንሄድ ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ድዱ አጠገብ ነጭ መስመር አውጥተዋል። መበስበስ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ወደ ቡናማነት ሳይቀየር ደረስንበት።

ሁለተኛዋ ልጄ ግን በ13 ወሯ ከጡጦ ጋር ተለያየች። ሰው ሁሉ «እሷ ገራም ስለሆነች ነው» ይላል። ኧረ ወዲያ! ገራም እንኳ አይደለችም። እኛ ነን የተማርነው።

«ዓመት ሲሞላው እንጀምራለን» ማለት

ኩባያ የሚጀመረው ምግብ ሲጀመር ነው፤ በ6 ወር ገደማ። ጡጦውን መንጠቅ አይደለም፣ ማስተዋወቅ ብቻ። ገንፎው አጠገብ አንድ ሁለት ጉንጭ ውኃ በኩባያ ይቀርባል። ይጫወትበት፣ ይድፋው፣ ይንከሰው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፦ በ6 ወር ኩባያ ማስተዋወቅ፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ከጡጦ ማላቀቅ። አሜሪካ ያላችሁ፣ በዓመቱ ምርመራ ላይ ሐኪሙ «አሁንም በጡጦ ነው?» ቢላችሁ አትደንግጡ።

የ8 ወር ልጅ የናንተን ኩባያ ሲያይ እጁን ይዘረጋል። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ግን «እምቢ» ማለትን ተምሯል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የምታድኑት ጊዜ ኋላ በለቅሶ የሚከፈለው።

በነገራችን ላይ፣ ጡጦ ግዴታ አይደለም። በየሆስፒታሉ ያለጊዜያቸው ተወልደው መጥባት የሚያቅታቸው ሕፃናት የእናታቸው ወተት ታልቦ በትንሽ ኩባያ ይሰጣቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከጡጦ ይልቅ ኩባያን ይመርጣል፤ ለማጠብ ስለሚቀል። ብዙዎቻችን ቤት ጡጦ የሚገባው የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ነው። ልጃችሁ እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ከጠባ፣ ከጡት በቀጥታ ወደ ኩባያ መሄድ ይችላል።

የማይፈስ ኩባያ ፍለጋ

እኔ አራት ዓይነት ገዝቻለሁ። አንዱ ቢገለበጥም፣ ቢወረወርም ጠብ አይለውም። ደስ አለኝ። ኋላ ሳስበው ግን እንዳይፈስ የሚይዘው ክዳኑ ውስጥ ያለው ጎማ ነው፤ ልጁ እንዲወጣለት እንደ ጡጦ መሳብ አለበት። ልብሱን ቀይሮ የመጣ ጡጦ ገዛሁ ማለት ነው። ያቺ ጎማ ደግሞ ተፈትታ ካልታጠበች ሥሯ ሻጋታ ትይዛለች። ያላችሁን አሁኑኑ ፈታችሁ እዩ።

ለመንገድ ስትሮ ያለው ይሻላል። ለቤት ግን ክዳን የሌለው ትንሽ ኩባያ ነው። የቡና ስኒያችን መጠኑ ለሕፃን አፍ የተሠራ ይመስላል፤ የሚሰበር ባይሆን! እኔ የጀመርኩት ከሽሮፕ ጋር በሚመጣው የፕላስቲክ መለኪያ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ኩባያው ሥር ጥቂት ውኃ ብቻ ይኑር። ጠርዙን የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉና ውኃው ከንፈሩን እስኪነካ አዘንብሉ። ከዚያ ቁሙ። እሱ ይሳበው እንጂ እናንተ አታፍስሱበት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትን ቢለው የተለመደ ነው። በየጉንጩ ትን የሚለው ከሆነ ግን ሐኪም ይየው። ልብሱ ይረጥባል፣ ወለሉም ይረጥባል። ገላውን ከመታጠቡ በፊት ሞክሩት።

አጥሚት በጡጦ

ይቺ የኛው ናት። የጡጦው ጫፍ በመቀስ ይቆረጥና ወፍራም አጥሚት ይገባበታል። ልጁ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፣ ሞግዚቷም እፎይ ትላለች። ግን የተቆረጠ ጫፍ ልጁ መዋጥ ከሚችለው በላይ ያፈሳል፤ ሊያንቀው ይችላል። ማላመጥም አይለምድም። አጥሚት በማንኪያ ነው።

ሻይም በጡጦ አይሰጥ፤ በኩባያም ቢሆን ለሕፃን አይሆንም፣ ብረት ከምግብ እንዳይገባ ይከለክላልና። ጁስ ከዓመት በፊት ጨርሶ አይሰጥ፣ ከዓመት በኋላም በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ። «ኩባያውን እንዲወድ» ብሎ ለስላሳ የሚሰጥ ሰው አይቻለሁ። ልጁ ኩባያውን ሳይሆን ስኳሩን ነው የሚወደው።

«ወተት ቀነሰ» ብሎ መደንገጥ

ብዙ እናት ወደ ጡጦ የምትመለሰው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በጡጦ በቀን አንድ ሊትር ይጠጣ ነበር። በኩባያ ግማሹን ይተዋል። አያት «ልጁ ከሳ» ትላለች። ጡጦው ከቁምሳጥን ይወጣል።

ዓመት ያለፈው ልጅ ግን አንድ ሊትር አያስፈልገውም። በቀን ሁለት ኩባያ ገደማ፣ ወደ ግማሽ ሊትር፣ በቂው ነው። ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን ሆዱ በወተት ይሞላና ምግብ ይገፋል። የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ወፍራም የሚመስለውን ልጅ ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። የኔ ልጅ «ምግብ አይበላም» ብዬ ሐኪም ጋ የወሰድኩት በየሌሊቱ ሁለት ጡጦ እየሰጠሁት ነበር። ጡጦው ሲቀር በሳምንቱ ሽሮ ፍትፍት መጠየቅ ጀመረ። እርጎና አይብም ከወተት ይቆጠራሉ።

ዓመት ያልሞላው ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዋና ምግቡ የጡት ወተት ወይም ፎርሙላ ነው፤ ዕቃው ይቀየራል እንጂ ወተቱ አይቀነስም። ፎርሙላውን በውኃ ማቅጠን አደገኛ ነው። የላም ወተትንም እንደ ዋና መጠጥ ከዓመት በፊት አትስጡ።

ከሌሊቱ ጡጦ መጀመር

ልጁ በጣም የሚወደው የመኝታውን ነው፤ እኛ ደግሞ ጥርሱ ያስፈራንና መጀመሪያ እሱን እንነጥቃለን። የቀኑን አስቀድሙ። ቀን ላይ ጨዋታ አለ፣ ሰው አለ፣ ይረሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ የጠዋቱን። የመኝታው መጨረሻ ላይ።

እስከዚያም ቢሆን ጡጦ አልጋ ላይ አይውጣ። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ ወተቱም የላይኛው ጥርስ ላይ ተኝቶ ያድራል። በጀርባ ተኝቶ መጠጣት ለጆሮ ሕመምም ያጋልጣል። እኛ ቅደም ተከተሉን ቀየርነው፦ እራት፣ ወተት በኩባያ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ከዚያ እሹሩሩ። ሌሊት ሲነሱ ውኃ ብቻ። ዓመት ላለፈው ልጅ የሌሊቱን ወተት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውኃ እየጨመሩ ማቅጠንም ይረዳል፤ ሲቀጥን ራሱ ይሰለቸዋል።

ሬት መቀባት

ጡት ለማስጣል የሚደረገውን ጡጦ ላይ የሚያደርጉ አሉ። በርበሬ የሚቀቡም ሰምቻለሁ። ይቅር። የሚጠጣው ነገር እንደሚያቃጥል የተማረ ልጅ ኩባያውንም ይጠረጥራል። ጡጦውን ከዓይኑ ማራቅ ይበቃል።

ቤተሰቡን ሳያስማሙ መጀመር

እኔ ቢሮ ነኝ። ማታ ስገባ ጡጦው እማዬ ቦርሳ ውስጥ ወተት ተሞልቶ አገኘሁት። «እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» «ኧረ ተይው ልጄ፣ ጉሮሮው ደርቆ አሳዘነኝ።» ምን ትላላችሁ? ልጁ ማን ጋ ሲያለቅስ እንደሚሰጠው አውቋል። አባቱ ጋ አያለቅስም፣ እሷ ጋ ያለቅሳል።

በሁለተኛዋ ጊዜ ብልሃት አገኘሁ። ኩባያ የማስተማሩን ሥራ ለእማዬ ሰጠኋት። «አንቺ ካላስተማርሻት ማን ያስተምራታል» አልኳት። በሳምንቱ ለጎረቤት እየደወለች «የኔ ልጅ በስኒ ትጠጣለች» ትል ነበር። ሞግዚቷም እማዬን ፈርታ ጡጦ አልነካችም።

ጊዜ አለመምረጥ

ልጁ ታሞ ከሆነ፣ ቤት ከቀየራችሁ ወይም አራስ ከገባ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሱ። ግን ተጠንቀቁ፣ ሰበብ አያልቅም። ጥርስ፣ ጉንፋን፣ ፋሲካ እያልኩ ስድስት ወር ያባከንኩት እኔ ነኝ። ኩባያውን አልቀበልም ብሎ ለስድስት ሰባት ሰዓት ካልሸና ወይም ከፈዘዘ ግን ስለ ጡጦና ኩባያ መከራከሩ ይቁምና ወደ ሐኪም።

ልጄ የመኝታውን ጡጦ የተወች ሰሞን ሦስት ሌሊት አለቀሰች። በአራተኛው እሷ ተኛች። እኔ ለቅሶዋን ስጠብቅ ነጋ።