ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ እያስተማሩ መኖርን እንዴት መልመድ ይቻላል?

ወደ ኮሪያ ስሄድ የፈራሁት ሠላሳ ልጆች ፊት መቆሙን ነበር። ያስለቀሰኝ ግን ቆሻሻ መጣል ነው። በሁለተኛው ሳምንቴ ማታ ያወጣሁት ፌስታል ጠዋት እዚያው ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ላዩ ላይ የማላነበው ወረቀት ተለጥፎበታል። ጎረቤቴ የነበሩት አሮጊት በጣታቸው እያሳዩ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እኔም እጅ ነሥቼ ፌስታሌን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ስለዚህ ዓይነቱ ጥቃቅን ነገር ነው።

1. ወረቀቱን ሳትሳፈሩ ጨርሱ

በቅድሚያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ ለእንግሊዝኛ የሚሰጠው በዋናነት የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ለያዙ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህን ቪዛ "እናወጣለን" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ዘወር በሉ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚጠቅመው ውጭ አገር ላደጉና ዜግነት ለወሰዱ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪና ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ የኤፍቢአይ ወረቀት የሚረጋገጠው በምትኖሩበት ክፍለ ግዛት ሳይሆን በፌዴራሉ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወር ያባክናል።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ መውጣት ነው። ሃግዎን የሚባለው የግል ማስጠኛ ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ስለሚጀምር ማታ ያመሻል። ውሉን ስታነቡ ቤት ይሰጡ እንደሆነ፣ የጤና መድኅኑንና ጡረታውን ግማሽ ይከፍሉ እንደሆነ፣ ዓመት ስትሞሉ የሚገባችሁ የአንድ ወር ያህል ደመወዝ መጻፉን እዩ። የአሜሪካና የካናዳ ዜጋ ከሆናችሁ የጡረታ መዋጮው ስትወጡ ይመለስላችኋል፤ ይህን ሳያውቅ ትቶት የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ማመልከቻ ላይ ፎቶ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ቀጣሪ መልክ አይቶ ይመልሳል፤ እኔም ሁለት ቦታ ፎቶዬን ከላክሁ በኋላ ዝም ተብያለሁ። ያናድዳል፤ ግን ሌላ ቦታ ሞክሩ።

2. መታወቂያው እስኪወጣ ታገሡ

በገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ቀርቦ መመዝገብ ግድ ነው። ቀጠሮው የሚያዘው "ሃይ ኮሪያ" በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ሲሆን ወረፋው ስለሚረዝም በደረሳችሁበት ሳምንት ያዙ። የጤና ምርመራም አለ፤ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይጨምራል። ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ስልክም ባንክም በስማችሁ ማስከፈት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የአንድ ወር ተኩል ወጪ ይዛችሁ ግቡ። እስከዚያው ቅድመ ክፍያ ሲም ይበቃል።

ለመንገድ ከማንኛውም ሱቅ የቲ-መኒ ካርድ ግዙ፤ በአውቶቡስ ስትወርዱም ማስነካት አትርሱ። ጉግል ካርታ እዚያ ብዙም አያስተማምንም፤ ናቨር ይሻላል። ሰው ሁሉ የሚጻጻፈው በካካኦቶክ ነው። ግራ ከገባችሁ የኢሚግሬሽን መረጃ ስልክ 1345 በእንግሊዝኛም ይመልሳል፤ ለአምቡላንስ 119፣ ለፖሊስ 112።

3. ቤቱን ተማሩት

አሁን ወደ ፌስታሉ። ቆሻሻ የሚጣለው ወረዳው ባሳተመው ፌስታል ብቻ ነው። ከሱቅ ይገዛል፣ የጽዳቱ ክፍያም በፌስታሉ ዋጋ ውስጥ ነው፤ የአንዱ ወረዳ ፌስታል ሌላው ወረዳ አይሠራም። ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለየብቻ፤ የምግብ ትራፊም ለብቻው። የምግብ ትራፊ ማለት እንስሳ ሊበላው የሚችል ነው ብላችሁ አስቡ። እንግዲህ ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይጠንቀቅ፦ የዶሮው አጥንት፣ የእንቁላሉ ቅርፊት፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ ሁሉ የሚሄደው ወደ ተራው ቆሻሻ ነው። ከዶሮ ወጥ ሌላ ምን ይተርፋል?

ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ የጥገና ሠራተኛም ቢሆን አውልቆ ነው የሚገባው። ቤቱ የሚሞቀው ከወለሉ ሥር በሚዞር ሙቅ ውኃ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሴኡል ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ መድረሷ አያስገርምም፤ ስለዚህ ለጉዞ ስትወጡ ማሞቂያውን ጨርሳችሁ አታጥፉ፣ ቱቦው በበረዶ ይፈነዳል። መቆጣጠሪያው ላይ "ዌቹል" የሚል ቁልፍ አለ፤ "ወጥቻለሁ" እንደማለት ነው፤ እሱን ተጫኑ።

መብራቱ እንደ አገራችን 220 ቮልት ነው። አሜሪካ የገዛችሁትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ። ቡና ስትቆሉም መስኮት ክፈቱ፤ ጭስ ጠቋሚው ጀበናና ዕጣን አያውቅም።

4. ለጾመኛ

ይህኛው ይከብዳል። ኪምቺ አትክልት ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው አለበት፤ ሾርባውም ብዙ ጊዜ የሚፈላው በደረቅ ዓሣ ነው። ቢቢምባፕ (ሩዝ ላይ አትክልት የሚደረደርበት) እያዘዛችሁ "ጎጊ ፔጎ፣ ግየራን ፔጎ ጁሴዮ" በሉ፤ ሥጋና እንቁላል ሳይገባበት ስጡኝ ማለት ነው። የቡድሃ ገዳማት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ካገኛችሁ እፎይ ትላላችሁ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የላቸውም።

5. የእናታችሁን አስተዳደግ አውጡት

አብረውኝ የሄዱ አሜሪካውያን ለወራት ያጠኑትን እኔ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ተቆንጥጬ ነው የተማርኩት። ለታላቅ ዕቃ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ ታላቅ ማንኪያ ሳያነሣ አይበላም፣ ሲገቡ ጎንበስ ተብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ለሚቀርቡት ሰው አፍ ውስጥ ሲያደርጉ ስታዩ ደግሞ ምን እንደሚባል ለእናንተ አይነገርም።

የማታውቁትም አለ። የሥራ ባልደረባን በስሙ መጥራት ነውር ነው፤ "ሶንሴንግኒም" ማለትም "መምህር" ይባላል። ሩዝ ላይ ቾፕስቲክ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ የለቅሶ ምልክት ነው። የተማሪ ስም በቀይ እስክሪብቶ አትጻፉ፤ ይህም ከሞት ጋር ይያያዛል። አለቃችሁን ሰው ፊት አታርሙ፤ ክፍል ውስጥ የተሳሳተን ልጅም እንደዚሁ። ልጆቹ ዝም ሲሉ ሰነፎች እንዳይመስሏችሁ፤ መሳሳት ያሳፍራቸዋል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መጀመሪያ እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ፀጉራችሁን ሊነኩ፣ ዕድሜያችሁንና ማግባታችሁን ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት እቀይረው ነበር።

6. ፊደሉን በመጀመሪያው ሳምንት ቁጠሩ

ሃንጉል የሚባለው የኮሪያ ጽሕፈት 24 መሠረታዊ ፊደላት አሉት። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጁት ሕዝቡ በቶሎ እንዲማረው ብለው ነው፤ በእርግጥም ሳምንት አይፈጅም። ተነባቢና አናባቢው ተገጣጥሞ አንድ ክፍለ ቃል ስለሚሆን የእኛን ሀሁ ለቆጠረ ባዳ አይደለም። ግሱም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ጓደኛችሁ በዚህ ሲሰቃይ ትስቃላችሁ።

7. ሆድ ሲብሳችሁ

ወደ አገር ቤት ለመደወል ስሌት አያስፈልግም። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ የኮሪያ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥርና እናቶቻችን የሚቆጥሩት አንድ ነው፦ እዚያ ከቀትር በኋላ 3 ሲል አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የምትደውሉት ግን እዚያ ቀትር ካለፈ በኋላ ይሁን፤ እዚያ ጠዋት 9 ሲል እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነውና ሰው ታስደነግጣላችሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሴኡል ካለው ዮንግሳን ጣቢያ የአይቲኤክስ ባቡር ተሳፍራችሁ ቹንቾን ከተማ ውረዱ። በኮሪያ ጦርነት ሊዋጉ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሱትና ከክቡር ዘበኛ የተመለመሉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ እዚያ ነው፤ በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። በዚያው ዓመት የተከፈተው "የኢትዮጵያ ቤት" የተባለው ቡና ቤት ከወንዙ ዳር አሁንም ይሠራል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከየት ናችሁ ካላችሁ "ኢትዮፒያ" በሉና ጊዜ ስጡት፤ ወሬው በአጭሩ የማያልቅበት ጊዜ አለ። የመመለሻውን ትኬት ግን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ቅዳሜና እሁድ ባቡሩ ይሞላል።