ልጅቷ ስትናገር ምን እንላለን? በልጆች ጥቃት ሥልጠና ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለዓመታት መምህራንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ የወረዳ ባለሙያዎችንና የእድር ሰዎችን ስለ ልጆች ጥቃት መከላከል አሠልጥኛለሁ። ሠልጥኛለሁም። ሥርዓቱ ሁሌም ያው ነው። ባነር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ቅድመ ፈተና፣ ፓወር ፖይንት፣ ሻይ፣ ድኅረ ፈተና፣ የምስክር ወረቀት። ድኅረ ፈተናውን ሁሉም ያልፋል። ከዚያ ሰኞ ይመጣል። አንዲት ልጅ ጓደኞቿ ሲወጡ ወደኋላ ትቀርና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» ትላለች። በዚያች ሰዓት ከፓወር ፖይንቱ አንዲት መስመር ትዝ አትልም።

ለእኔ ሥልጠናው መሆን ያለበት ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ከታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ልጆቹን የማያያቸውን ሰው መላክ

ደብዳቤው «ሁለት ሰው ይላክ» ብሎ ይመጣል። አንዱ ርዕሰ መምህሩ ነው። ሌላው ተራው የደረሰ ሰው ነው። ቦታው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ከሆነማ አበል ስላለው ሽሚያው ይጦፋል። ልጆቹን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያያቸው ሰው ግን ግቢ ይቀራል።

ጥበቃው የትኛዋ ልጅ ሰው ሊወስዳት ሲመጣ እንደምትደነግጥ ያውቃል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሽንት ቤት ቆልፋ የምታለቅሰውን ታገኛታለች። የሰርቪስ ሾፌሩ ልጆች ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩትን ይሰማል። አንድ ጊዜ እነዚህን ሰዎች ብቻ ሰብስቤ ግማሽ ቀን አወራን። ፓወር ፖይንት አልነበረም። አንድ አዛውንት ጥበቃ መጨረሻ ላይ እጃቸውን አወጡ። «እኔኮ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ለማን ልናገር ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ጥበቃ የሌለበት የትምህርት ቤት ሥልጠና ጎዶሎ ይመስለኛል።

ትርጉም ላይ ግማሽ ቀን መጨረስ

አካላዊ፣ ወሲባዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ቸልተኝነት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሕጉም አንድ ገጽ ላይ ይገባል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጆችን መብት ይዘረዝራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626ና 627 ከ18 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት ይመለከታሉ። ልጅቷ «እሺ» ብላለች መባሉ ወንጀሉን አያስቀረውም። በቃ። ቀሪው ሰዓት ለልምምድ ይዋል።

«ከማታውቁት ሰው ከረሜላ አትቀበሉ»

ይህንን እየሰማን አደግን፤ አሁንም እያስተማርነው ነው። ችግሩ ልጅን የሚጎዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው መሆኑ ነው። አጎት ነው። ጎረቤት ነው። ቤት እየመጣ የሚያስጠና ወጣት ነው። አንዳንዴም ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ማስታወሻ ይዞ ከተቀመጡት አንዱ ነው። ለዚህ ነው ሥልጠና ብቻውን የማይበቃው። ተቋሙ «አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ በር አይቀመጥም» የሚል ደንብ ይኑረው። ደንቡ ለርዕሰ መምህሩም ይሥራ።

ቋንቋውም ነገር አለበት። ልጆች የሰውነታቸውን ክፍል በስሙ እንዲጠሩ አስተምሩ ስንል መምህራን ይሳቀቃሉ። «እዚያ ጋ» ይላሉ። ጨዋው ቃል ደግሞ «ሐፍረተ ሥጋ» ነው። ቃሉን ልብ በሉት። ገና ምንም ሳይሆን ልጁን እፈር ብለነዋል። ከዚያ ነገር ሲፈጠር ለምን አልተናገረም እንላለን።

መርማሪ መሆን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

በአንድ ሥልጠና ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ተጫወትኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው መምህርት ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ልጆች ይወዷቸዋል። አቀርቅሬ «ቤት መሄድ አልፈልግም» አልኳቸው።

«ለምን? ማን መታሽ?»

ዝም አልኩ።

«አባትሽ ነው? እንጀራ አባትሽ ነው እንዴ? ምን አደረገሽ? ነካሽ?»

አንገቴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ለመናገር ለየትኛው ጥያቄ እንደነቀነቅኩ እኔም አላውቅም።

«እና እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

አንድ ደቂቃ አልሞላም። መምህርቷ ጠርጣሪም ከሳሽም ሆነዋል። የደነገጠ አዋቂ ሲያዝን ይጠይቃል፤ ነገሩ ከክፋት አይደለም። ልጅ ደግሞ አዋቂ የሚፈልገውን መልስ ለመስጠት ይቸኩላል። «አባትሽ ነው?» ካልናት ያላለችውን ቃል አፏ ውስጥ አስገብተናል። «ለምን ዝም አልሽ?» ካልናት ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች።

ስለዚህ እኔ አሁን ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ በቃል አስጠናለሁ። «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ።» «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» «አሁን ምን እንደማደርግ ልንገርሽ።» ጥያቄ የግድ ካስፈለገ «እስቲ ንገሪኝ» እና «ከዚያስ?» ይበቃሉ። ሠልጣኞች መጀመሪያ ይስቃሉ። ሰባት ስምንት ጊዜ ሲሉት ሳቁ ያልቃል። አንዳንዱ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል። ለእሱም በልጅነቱ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ነው። በየአዳራሹ ቢያንስ አንድ ሰው ስልክ የተደወለለት መስሎ ይወጣል። አሠልጣኝ ይህንን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ለሚወጣው ሰው የሚያናግረው ባልደረባ በር ላይ ይዘጋጅ።

ሌላው ወጥመድ መሐላው ነው። ልጆች «ለማንም አልናገርም በይ፤ እናቴ ትሙት በይ» ይላሉ። እንዳትምሉ። «ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ ነው የምናገረው፤ ለክፍል ልጆች አልናገርም» በሉ። ይህንን አፍርሳችሁ ስታፍ ሩም ውስጥ ካወራችሁት ደግሞ ዋሽታችኋል። እውነቴን ነው፣ ከምስጢር መባከን የበለጠ የልጅን አፍ የሚያዘጋ ነገር አላየሁም።

ከዚያ ጻፉ። ልጅቷ ያለችውን በራሷ ቃል። «ተደፍራለች» ብላችሁ አትተርጉሙ። «ሱሪዬን አወለቀ» ካለች «ሱሪዬን አወለቀ» ይጻፍ። ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ልጅ ታሪኩን በደገመ ቁጥር ይጎዳል፤ ቃሉም ይለዋወጣል። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሰበሰበው ለዚህ ነው። በልደታው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የልጆች ችሎት ልጁ ሌላ ክፍል ተቀምጦ በቪዲዮ ይመሰክራል። የችሎቱን ጥያቄ አብሮት የተቀመጠው ባለሙያ በልጅ ቋንቋ ይነግረዋል። ያን ሁሉ የደከሙበትን ነገር እኛ ስታፍ ሩም ውስጥ በአምስት ደቂቃ እናበላሸዋለን።

አካሏን ማስረጃ ማድረግ

«ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል» ሲባል ነገሩ ይዘጋል። ስህተት ነው። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው የአብዛኞቹ ልጆች ምርመራ ምልክት አያሳይም። ጥቃቱ ምልክት የማይተው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ቁስልም ቶሎ ይድናል። «ድንግል ናት ወይስ አይደለችም» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለሕክምናም ለፍርድም አይረባም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ይህ ምርመራ እንዲቀር በ2011 ዓ.ም. ጥሪ አቅርበዋል። የወረቀቱን አንድ መስመር ይዘው ልጅቷን «ዋሸሽ» የሚሉ ባለሙያዎች ግን አሁንም አሉ።

እስከ እሁድ መጠበቅ

ሽማግሌ ክብራችን ነው። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ደም ሳይቀር በሽማግሌ በርዷል። ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠር። ድርጊቱ ረቡዕ ተፈጸመ እንበል። ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። 72 ሰዓቱ ቅዳሜ አለቀ። የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ቀን በጨመረ ቁጥር ይደክማል። ሽማግሌዎቹ ካሳው ላይ ሲከራከሩ ለልጅቷ የነበረው ዕድል አመለጠ። ይህንን ስሌት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስጽፈው ከማንኛውም የሕግ አንቀጽ የበለጠ ያስደነግጣል።

ጤና ተቋም ላይ «የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» ብሎ የሚመልስ ካለ ተከራከሩ። ሕክምናው ደብዳቤ አይጠብቅም።

ልብሱም አለ። አንዲት እናት የልጃቸውን ልብስ በኦሞ አጥበው፣ አስጥተው፣ አጣጥፈው ይዘው መጡ። «የቆሸሸ ይዤ ሐኪም ቤት ልምጣ እንዴ?» አሉ። ማን ይወቅሳቸዋል? አልተነገራቸውም። ስለዚህ ይነገር። አይታጠብ። ልጅቷም ከተቻለ ከምርመራው በፊት አትታጠብ። ልብሱ ፌስታል ውስጥ አይግባ፤ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ወረቀት ከረጢት ወይም ካኪ ፖስታ ይሻላል።

ከታሪክ አንድ ነገር ላንሳ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈና የደፈረ ሰው ልጅቷን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን አንስቶታል። ሆኖም «ያግባትና ይለቅ» የሚለው ሐሳብ ከሕጉ ወጣ እንጂ ከአንዳንድ ሰው ጭንቅላት አልወጣም።

ሽማግሌዎችን ግን አዳራሽ ውስጥ ማሳፈር ሌላ ስህተት ነው። ተቀይመው ይሄዳሉ፤ ቀጣዩን ጉዳይ ይደብቁባችኋል። ሌላ ሥራ ስጧቸው። እድሩ የትራንስፖርት ብር ያውጣ። ቤተሰቡ በጎረቤት እንዳይገለል ሽማግሌው በሩ ላይ ይቁሙ። እናትየዋ ፍርድ ቤት ስትመላለስ አብሯት የሚሄድ ሰው ይመድቡ። ይህንን ስላቸው ደስ ብሏቸው የተቀበሉ ብዙ አባቶች አይቻለሁ።

አለንጋውን ነጥቆ ምንም አለመስጠት

ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ልጅ በአካሉ እንዳይቀጣ ይላል። ይህንን አንብበን እንወርዳለን። ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ይዘው የሚውሉት መምህር ግን «እሺ፣ ጸጥ እንዴት ላሰኛቸው?» ይላሉ። ወላጅም እየመጣ «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ እንጂ ቅጣው» ይላቸዋል። መልስ ካልሰጠናቸው ጎማው፣ ኩርኩሙና ማንበርከኩ በማግሥቱ ይመለሳል። ለዚህ ሌላ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፤ የመቀመጫ አሰላለፉን፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ደንብ፣ ለረባሹ ሥራ መስጠትን መለማመጃ። በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ወንዶቹን መርሳት

ምሳሌዎቻችን ሁሉ ሴት ልጅ ናቸው፤ እዚህም ራሴን ያዝኩት። ወንድ ልጅም ይጠቃል። «ወንድ አይደለህ፣ ለምን አልታገልክም?» የሚለውን ስለሚፈራ ከሴቷ ይብስ ዝም ይላል።

ቤታችንን ከሥልጠናው ውጭ ማድረግ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ይህ ስላይድ ሲመጣ ሁሉም ይስማማል። ስለ ፋብሪካና ስለ ሊስትሮ እናወራለን።

አንድ ጊዜ በሻይ ሰዓት አንዲት ጎበዝ ሠልጣኝ አጠገቤ ቆማ ስልክ ደወለች። «ልጁ በላ? ከሰሉን እንዳትረሺ።» ስትዘጋ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ከገጠር ያመጣናት የዘመድ ልጅ ናት። ትረዳናለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ አሥራ ሁለት ይሆናታል።»

«ትማራለች?»

ሻይዋን አማሰለች። «ለመስከረም እናስገባታለን ብለናል» አለች።

ወሩ ጥቅምት ነበር።