ጎረቤታችሁ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካላት

ጅማ ላይ ቡና አፍልቶ ጎረቤት አለመጥራት ነውር ነው። ግን ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ፣ ድምፅንና ግርግርን መቋቋም የሚያስቸግር የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ) ያለበት ልጅ እናት «ነይ ቡና ጠጪ» ስትባል ሰበብ የምትደረድረው ጠልታችሁ አይደለም። ሰው የበዛበት ቤት፣ ጫጫታና ጭስ ልጁን ሊያስጨንቀው ይችላል። እንግዲያው ጀበናውን ይዛችሁ እሷ ቤት ሂዱ። ሰፈሩን ሁሉ አስከትላችሁ ግን አይደለም!

«የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪኝ» አትበሏት፤ አትነግራችሁም። «ሐሙስ ገበያ ደርሰሽ እስክትመጪ እኔ ከልጁ ጋር እቀመጣለሁ» በሏት። አስቀድሞ ግን እሷ ባለችበት ልጁ ይልመዳችሁ። ጉንጩን ለመሳም አትሽቀዳደሙ። ዓይናችሁን ባያይ ንቀት አይደለም።

ዋናው ይሄኛው ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ሳይታሰብ ከቤት ይወጣሉ፤ ውኃም ይስባቸዋል። እናትየው ከፈቀደች ባለሱቁ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹና ሊስትሮዎቹ ልጁን ይወቁት፤ ስልኳም ይኑራቸው። ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ ወደ አዌቱ ወንዝና ወደ ክፍት ጉድጓድ ሩጡ። የቀረው ሰው መንገድ መንገዱን ይፈልግ። ስታገኙት አትጩኹበት፣ አትክበቡት። የሚያረጋጋው ቃል ወይም ዕቃ ምን እንደሆነ እናቱን ዛሬውኑ ጠይቋት።

ገና ካላስመረመረችው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ አብራችኋት ሂዱ። «እርግማን ነው» የሚል ካለ እዚያው ዝም አሰኙት።

ዕድርተኞችም፣ ድንኳን ተክላችሁ ድምፅ ማጉያ ከመክፈታችሁ በፊት ንገሯት። ልጁን ይዛ ዘመድ ቤት ትውላለች።